ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም

ነገር ሲዳፈን፣ ጠያቂው በዝቶ መላሹ ሲጠፋ፣ አገሬው «ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» ይላል። አባባሉ ላይ ላዩን ቀልድ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ክስ ነው። መጽሐፍ በራሱ አፍ የለውም፤ የሚያናግረው ቄሱ ነው። ቄሱ ዝም ካለ መጽሐፉ ከነሐረጉ፣ ከነቀይ ቀለሙ፣ ከነማኅደሩ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ያንን ክስ ይዞ የሚሄደው መጽሐፍና ሊቅ ጠፍተውበት ወደማያውቅ አገር ነው፤ ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ። ድርቅ ቢሆን ኖሮ ዝምታው አያስገርምም ነበር። የሚያስገርመው ምንጩ አጠገብ ሆኖ መጠማት ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ለዚህ ይመስላል።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የያዘ ሰው የሚያቋርጠው የጤፍ አገር ብቻ አይደለም፤ የቀለም አገርም ነው። ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። መንገዱን ይዞ ሲገፋ ደብረ ወርቅ ማርያም ትገኛለች። ወደ ምሥራቅ ለታጠፈ ከእቴጌ እሌኒ ዘመን የተረፈ የድንጋይ ሕንጻ ፍራሽ ያላት መርጡለ ማርያም አለች። ወደ ሰሜን ለቀጠለ ሞጣ ጊዮርጊስ አለ። በቅኔ ወንበራቸው አገር ያወቃቸው ዋሸራና ጎንጅም የዚሁ የጎጃም ምድር ናቸው። የከተማ አንባቢ ዲማን ምናልባት ያወቀው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በኩል ይሆናል። ደራሲው ራሳቸውም የጎጃም ቤተ ክህነት ትምህርት ያፈራቸው ሰው ነበሩ።

በመጀመሪያ የዚህን ትምህርት ክብር በቦታው እናስቀምጥ። ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ወጥቶ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ዜማ ቤት ይገባና ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ድጓውን ይዘልቃል። ቅኔ ቤት ሲደርስ ግስ ያጠናል፤ አገባብ ይለያል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እስኪሞላ ድረስ ከዛፍ ሥር ተሸሽጎ ይቆጥራል። ብርቱ ከሆነ ደግሞ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱን ከነትርጓሜያቸው ያካሂዳል። የ10፣ የ15፣ አንዳንዴም የ20 ዓመት መንገድ ነው። ይህን ሁሉ ያለ መብራት፣ ያለ ወረቀት፣ ደበሎ ለብሶ፣ በጎጆ አድሮ የሚወጣውን ልጅ «ኋላ ቀር» ብሎ የሚያልፍ ሰው ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው የመሰከረው።

ክብሩ ይህን ያህል ነው። ጥያቄው ደግሞ አንድ ነው፤ ይህ ሁሉ ትምህርት ለማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ በየአውደ ምሕረቱና በየስብሰባው ሁለት መልሶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንደኛው መልስ፣ ትምህርቱ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለማፍራት ነው ይላል። ዲያቆን እንዳይጠፋ፣ ቀዳሽ እንዳይጓደል፣ ማኅሌቱ እንዳይፈዝ። ሁለተኛው መልስ አዲስ ነው፤ ከቱሪዝምና ከባህል መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ የመጣ ነው። ትምህርቱ ቅርስ ነው፣ የማንነታችን መገለጫ ነው፣ ስለዚህ ይጠበቅ ይላል። የመጀመሪያው መልስ ትምህርቱን የሠራተኛ ማሠልጠኛ ያደርገዋል። ሁለተኛው የሙዚየም ዕቃ ያደርገዋል። ሁለቱም የሚረሱት አንድ ሰው አለ፤ ይኸውም ተማሪውን ቀልቦ ያስተማረው ገበሬ ነው።

የቆሎ ተማሪ በመንግሥት በጀት ተምሮ አያውቅም። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚሰበስበው ቁራሽ የእነማይና የእነሴ ገበሬ ከልጆቹ አፍ የነጠለው ነው። አገሩ ሲጠግብ ተማሪው ይጠግባል፤ አገሩ ሲራብ አብሮ ይራባል። የዲማን ጉባኤ፣ የደብረ ወርቅን ጉባኤ፣ የሞጣን ጉባኤ ያቆመው ይህ ቁራሽ ነው። በቋንቋችን «ባለ ውለታ» የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ታዲያ ይህ ባለ ውለታ በምላሹ ምን አገኘ?

በሰንበት ማለዳ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቅጽር ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆሞ ቅዳሴ ያስቀድሳል። ቅዳሴው ከፊል በአማርኛ መሰማት ከጀመረ ቢቆይም፣ በብዙ የገጠር አጥቢያ ዛሬም ዋናው ድምፅ የግእዝ ነው። በዓል ሲሆን ማኅሌቱ ይቆማል፤ ቅኔው ይዘረፋል። ሊቃውንቱ ምሥጢሩን አጣጥመው ይደነቃሉ፤ ውጭ የቆመው ሰው ደግሞ የሊቃውንቱን መደነቅ አይቶ ይደነቃል። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው ይባላል። ለገበሬው ግን ሰሙም ወርቁም አልደረሰውም። ከሰሙ የደረሰው ጧፍ መግዛት ብቻ ነው።

ይህን ስል በቅኔ ላይ መነሣቴ አይደለም። ቅኔ የሊቅ ምግብ ነው፤ ሊቅም መመገብ አለበት። ነገር ግን ሊቁ ጠግቦ አብሳዩ የሚራብበት ማዕድ የእግዚአብሔር ማዕድ አይባልም። በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ በየዓመቱ እናነሣዋለን፤ ወንጌል ወደ አገራችን ቀድሞ መግባቱን የምንመሰክርበት ኩራታችን ነው። ፊልጶስ ሰረገላውን ተጠግቶ ያቀረበለትን ጥያቄ ግን ብዙ አናስብበትም። የጠየቀው ስለ ንባቡ ማማር አልነበረም፤ ስለ ዜማውም አልነበረም። የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ነው የጠየቀው። ጃንደረባውም አላፈረም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይሆናል ብሎ ሰረገላው ላይ አወጣው። ቤተ ክርስቲያን የምትማረውም የምታስተምረውም ለዚህ ነው፤ ሰረገላው ላይ ወጥቶ ከሚያነበው ሰው አጠገብ ለመቀመጥ። ከዚህ የሚቀረው ሁሉ፣ ዜማውም፣ ቅኔውም፣ ካባውም፣ ወደዚያ ሰረገላ ማድረሻ መንገድ ነው።

«ሕዝቡ በቃል ባይማርም በኑሮ ተምሯል» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ የሰንበቴ ጽዋ የሚጠጣ፣ ለሚካኤልና ለማርያም የሚዘክር፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይሳለም የማያልፍ ሕዝብ ሃይማኖቱን በሥጋውና በደሙ ይዞታል። ወረራ፣ ረኃብና አብዮት ሲመጡ ይህ ሕዝብ ሃይማኖቱን ያቆየው በስብከት ብዛት አይደለም። እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ስትሰግድ ልጁ መስገድን ይማራል። ይህ እውነት ነው፤ ትልቅ እውነት ነው።

ግን ግማሽ እውነት ነው። በልማድ የተወረሰ ነገር ልማዱ ባለበት ሁሉ ጸንቶ ይቆማል፤ ልማዱን የሚፈታተን ጥያቄ ሲመጣ ግን መልስ አያውቅም። የገበሬው ልጅ ቢቸና ወይም ሞጣ ከተማ ገብቶ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ጓደኛው «ለምን ትጾማለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የሚመልሰው «አባቴ ስለሚጾም» ብሎ ነው። ያ መልስ እስከ ተወሰነ ድረስ ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ልጁ አንድም ሃይማኖቱን ይተዋል፤ አንድም እምነቱ ያልመለሰለትን በቡጢ ለመመለስ ይነሣል። መተዉ ያሳዝናል። ቡጢው ደግሞ ያስፈራል፤ ማስፈራቱንም ሞጣ ላይ አይተነዋል።

ዓርብ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ሞጣ ከተማ ውስጥ የሆነውን እዚህ ማንሣት ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ አለማንሣት ግን ከዝምታው ጋር መተባበር ነው። በቤተ ክርስቲያን እሳት ታየ ተባለ፤ ሰው ተሰበሰበ። ቀኑ ሳይመሽ የከተማዋ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ወደሙ። ዘመኑ አብያተ ክርስቲያናትም በሌላ ሥፍራ የተቃጠሉበት ዘመን ነበር፤ በ2010 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ጅጅጋ ላይ የደረሰውን ማንም አልረሳም። ይህ ግን ለሞጣው ሥራ ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይሆነውም። ያንን ያደረገው ማን እንደሆነ የመዳኘት ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሌላ ነው፤ «በእኔ ስም ሲባል ልጆቼ ምን ሰሙ? እኔስ ምን አስተምሬያቸው ነበር?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው።

ስንት ዘመን ቅኔ የተዘረፈበት፣ ድጓ የተዜመበት፣ ወንጌል የተተረጎመበት አገር ነው። ጠላትን ስለ መውደድ የተጻፈው ቃል በዚያ አገር ጉባኤ ቤቶች ቃል በቃል ተተንትኖ፣ አንድም፣ አንድም እየተባለ ሲብራራ ኖሯል። ታዲያ ያ ማብራሪያ ከጉባኤ ቤቱ ወጥቶ የገበያውን አደባባይ የተሻገረው መቼ ነው? ማተብ አወረስናቸው፤ የማተቡን ትርጉም ግን አላወረስናቸውም። ትርጉም የሌለው ማተብ አንገት ላይ ሲታሰር ሃይማኖት መሆኑ ይቀርና የወገን ምልክት ይሆናል። የወገን ምልክት ደግሞ ማንን እንደሚወድ ሳይሆን ማንን እንደሚጠላ በቀላሉ ይማራል። የጎረቤቱን መስጊድ የሚያቃጥል ክርስቲያን ከመጠን በላይ ሃይማኖት የተማረ ሰው አይደለም። ጨርሶ ያልተማረ ሰው ነው። ያልተማረውም ትምህርት ጠፍቶ አይደለም፤ ትምህርቱ ከቤቱ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ቁራሽ ተቀብሎ ስለ ተመለሰ ነው።

ሕዝብን የማስተማር ግዴታ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ታሪካችን ይመለስ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ካህናት በሰንበትና በበዓል ቀን ሕዝቡን ሃይማኖት እንዲያስተምሩ አዝዘዋል። ንጉሡ በብዙ ነገር ጨካኝ ነበሩ፤ ቅጣታቸውን ማንም አይመኝም። ነገር ግን አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡን ካላስተማረች ባዶውን ቦታ ጠንቋዩና ቃልቻው እንደሚሞላው። በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1686 ባወጣችው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሎሌና ገረድ ሳይቀር ሰው ሁሉ ማንበብን እንዲማርና የእግዚአብሔርን ቃል በገዛ ዓይኑ እንዲያይ ደነገገች። ቄሱ በየመንደሩ እየዞረ ቤተሰቡን ሰብስቦ ይፈትን ነበር፤ ማንበቡን ብቻ ሳይሆን መረዳቱንም። የስዊድን ገበሬ የመንግሥት ትምህርት ቤት በየቀበሌው ሳይከፈትለት አንባቢ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። እኛ ሉተራን እንሁን የሚል የለም። የእኛስ የንስሐ አባት ምን ሆነ?

እነሆ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ዓለም ሕግ አውጥቶ፣ ፈታኝ ልኮ ያመጣውን ነገር እኛ ሳንደክም አግኝተነው ነበር። በገጠሩ ጎጃም የንስሐ አባት የሌለው ክርስቲያን ቤት አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እያንዳንዱን ቤተሰብ በስም የሚያውቅ፣ የልጆቹን የክርስትና ስም የሚያውቅ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሰው ሲሞት የሚፈታ ካህን አለ። ይህን የመሰለ መረብ የትኛውም የልማት ድርጅት፣ የትኛውም የፖለቲካ ፓርቲ ዘርግቶ አያውቅም። ግን በብዙ ቤት የንስሐ አባቱ ሲመጣ የሚሆነው ምንድን ነው? ጠበል ይረጫል፤ ማዕዱን ይባርካል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ተዝካር ካለ ድርሻው ይወጣለታል፤ ይሄዳል። ልጆቹን ሰብስቦ ስለ አንድ የወንጌል ምዕራፍ ሩብ ሰዓት አያወራም። ጥፋቱ የአንድ ቄስ አይደለም፤ እርሱም ሲማር ቅዳሴውን እንጂ ትርጓሜውን ያስተማረው የለም። ሥርዓቱ ነው ጥፋተኛው።

«ምሥጢርን ለሕዝብ መዘርገፍ ኑፋቄ ያመጣል፤ ግእዙ ይበቃል» የሚል ክርክርም አለ። ክርክሩ የሚያሸንፈው የራሱን ባለቤት ነው። አንድምታው በምን ቋንቋ ነው? በአማርኛ ነው። ከጎንደር ዘመን ጀምሮ ሊቃውንቱ የግእዙን ንባብ አንሥተው፣ በአማርኛ ፈትተው፣ ታሪክ ሲያስፈልግ ታሪክ፣ ምሳሌ ሲያስፈልግ ምሳሌ እያመጡ መጽሐፉን ያናገሩት በሕዝቡ አፍ ነው። ምሳሌያቸውም ከበሬና ከቀንበር፣ ከእርሻና ከቤት የተወሰደ፣ ገበሬው ቢሰማው ያለ አስተርጓሚ የሚገባው ነው። በሃያኛው መቶ ዘመንም የአንድምታ መጻሕፍት ታትመው ወጥተዋል። መልሱ ተዘጋጅቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። የጎደለው ከመደርደሪያው አንሥቶ ወደ ደጀ ሰላሙ የሚያወጣው ሰው ነው።

ደግሞም ጎጃሞች በዚህ ነገር ሊያፍሩ ሳይሆን ሊኮሩ የሚገባቸው አንድ አባት አላቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ ይባል የነበረው የጎጃም መነኩሴ ነው። ሥራውን የሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ከአገሩ ርቆ፣ ካይሮ ላይ ነው፤ ያሠራው የፈረንሣይ ቆንስል ነበር፤ ያሳተሙት እንግሊዞች ናቸው። ሙሉው መጽሐፍ በ1840 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። አስቡት። ለአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ መጽሐፉን በአፉ የሰጠው የጎጃም ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ሥራው የተወለደው በስደት፣ የታተመው በባዕድ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ «የእኛን ሕዝብ ሌሎች መጽሐፍ ይዘው ወሰዱብን» እያሉ ማማረር ምን ይረባል? እኛ ዝም ባልንበት ቤት ሌላው ቢናገር የሚወቀሰው ተናጋሪው ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ድህነት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ መምህራኑም የወንበራቸውን መቆሚያ አጡ ይባላል። እውነት ነው፤ ጉዳቱም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ አዋጅ ወዲህ ግማሽ መቶ ዓመት አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሣር ክዳን የነበሩ ስንት አብያተ ክርስቲያናት በቆርቆሮ ተከደኑ? ስንቶቹ ፈርሰው በጉልላትና በእብነ በረድ እንደ አዲስ ተሠሩ? የአዲስ አበባ ነጋዴና የአሜሪካ ስደተኛ ለትውልድ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን የሚልከው ገንዘብ የት ይሄዳል? ወደ ሕንጻ ነው። ከሕንጻው ጥግ ጎጆው የሚያፈስ፣ ልብሱ ያለቀ የቅኔ መምህር አለ። ገንዘብ የለም ማለት አንችልም። ገንዘቡ ለድንጋይ አለ፤ ለሰው ነው የሌለው። በ1965 ዓ.ም ቃለ ዓዋዲው ሲወጣና ሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው ሲቋቋም፣ ሥርዓቱን ያቆሙት አባት የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ፤ ካህንና ምእመን በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያኗን በራሷ ልጆች አቅም እንዲያቆሙ ነበር ሐሳቡ። እርሳቸው በ1971 ዓ.ም በደርግ እጅ ተገደሉ፤ የሐሳባቸው ግማሽ ደግሞ ሙዳየ ምጽዋት ሆኖ ቀረ።

በጎጃም ተምሮ ሊቅ የሆነ ሰው የሚሄደው ወዴት እንደሆነ እናውቃለን። ወደ ላይ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከተቻለም ወደ ውጭ አገር። ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት ወጥተው ለአዲስ አበባ ቴአትርን ሰጡ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ለአገር ልብ ወለድን ሰጡ፤ አገር ተጠቅሟል፤ ማንም አይከፋም። ዛሬ ግን የመሪጌታው ጉዞ የሚመራው በጥሪ ሳይሆን በደመወዝ ነው። የከተማ ደብር ይከፍላል፤ የገጠር ደብር አይከፍልም። ስለዚህ ገበሬው በቁራሽ ያሳደገው ሊቅ የከተማ ሰው ሊያገለግል ይሄዳል፤ ገበሬው ደግሞ ለሚቀጥለው ተማሪ ቁራሽ ይቆርሳል። በዚህ ንግድ ከሳሪው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት በሁሉ ላይ ተደርቧል። የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን የሚያገኘው በመንከራተት ነው፤ ዜማውን እዚህ፣ ቅኔውን እዚያ፣ ትርጓሜውን ሌላ ቦታ። መንገድ ሲያስፈራ ይህ ትምህርት ይታመማል። ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ከርመዋል። እንግዲህ የአስኳላው ደጅ የተዘጋበት የቢቸና ልጅ የትኛው ደጅ ነው የሚከፈትለት? በየቀበሌው ግቢ፣ ጥላ፣ መምህርና ደወል ያላት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጊዜ ካላስተማረች መቼ ልታስተምር ነው? በጦርነት መካከል ያለ ወጣት «ሰው ለምን አይገደልም?» የሚለውን ጥያቄ ከመጽሐፍ ቤት ካልሰማው ከየት ይሰማዋል?

ትችት ብቻ ጽፎ ብዕር መጣል ቀላል ስለሆነ፣ ሊሠራ የሚችለውን ነገር በግልጽ እናስቀምጥ። ከሲኖዶስ አዲስ ቀኖና የማይጠይቁ አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ጉባኤ ቤት ያለበት ደብር ሁሉ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ይስጥ። መምህሩ ወይም ብርቱ ተማሪው የዕለቱን ወንጌል ከአንድምታው አውጥቶ፣ ግእዝ ሳያበዛ፣ ለገበሬው ይንገረው። ተማሪው ለቁራሹ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ይሁን። በልመና የበላውን በቃል ይመልስ። ለተማሪውም ቢሆን ይጠቅመዋል፤ ለገበሬ ማስረዳት ያልቻለ ሰው ትርጓሜውን ራሱ አልያዘውምና።

ሁለተኛ፣ የንስሐ አባት ወደ ልጆቹ ቤት ሲሄድ ጠበልና ቃል ይዞ ይሂድ። ቢያንስ የሃይማኖትን ጸሎት ትርጉም፣ የአሥሩን ትእዛዛት ትርጉም፣ የጾምን ምክንያት ለቤተሰቡ የማስረዳት ግዴታ ይኑርበት። የማያውቅ ካለ ሀገረ ስብከቱ ያስተምረው። ክህነት ከመስጠት በፊት «ትቀድሳለህ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ታስተምራለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ ከጉልላቱ በፊት የመምህሩ ቀለብ ይቅደም። ለትውልድ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚሰጥ ሰው ሁሉ «መምህሩስ ምን ይበላል?» ብሎ ይጠይቅ። በዚህ ረገድ በ1984 ዓ.ም የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ለአብነት ትምህርት ቤቶች የሚያደርገው ድጋፍ ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን የአንድ ማኅበር በጎ ፈቃድ የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ግዴታ ምትክ ሊሆን አይችልም።

አራተኛ፣ ሴት ልጆች። ሃይማኖትን ለሕፃን የምታቀብለው በመጀመሪያ እናት መሆኗን ሁሉም ይናገራል፤ ጉባኤ ቤቱ ግን ለሴት ልጅ ደጁን ገርበብ አድርጎ እንኳ አልከፈተላትም። ለምን አይሆንም የሚል ሰው የጎጃምን ታሪክ ይጠይቅ። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ በጎጃም የቅኔ ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ቅኔ አስቆጥረዋል። አንዲት እናት በጨለማ ውስጥ ሆና የቻለችውን ነገር ዓይናማዎቹ አይችሉም ብሎ መከራከር ያሳፍራል።

«ይህ ሁሉ ሊቁን ያዋርደዋል፤ የቅኔ መምህር ወርዶ የገበሬ ሰባኪ ሊሆን ነው?» የሚል መኖሩ አይቀርም። አዎ፣ ይውረድ። ያመነው አምላክ ራሱ በሰው ቋንቋ ለመናገር ወርዷልና መውረዱ ውርደት አይሆንበትም። ዲማና ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያምና ሞጣ ጊዮርጊስ ዝናቸው በስንት ሊቅ እንዳፈሩ ሲነገር ኖሯል። ከእንግዲህ ግን ሌላ መለኪያ እንጠይቅ። ከቅጽሩ ውጭ ወዳለው የጤፍ ማሳ ሂዱና ሞፈሩን የያዘውን ሰው፣ ውኃ የምትቀዳውን ልጅ፣ ገበያ የቆመውን ጎረምሳ ፊልጶስ ጃንደረባውን የጠየቀውን ጠይቋቸው። የሚመልሱ ከሆነ የዲማ ወንበር ሥራውን ሠርቷል። የማይመልሱ ከሆነ፣ ማኅሌቱ የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ እውነቱ ያው አገሬው ድሮ የተናገረው ነው፤ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።